ያልታመኑት ምስክር

ምዕራፍ ዘጠኝ

ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ። አንድ ሰው ብቻውን ያየውን ነገር ሌላው እንዲያምነው ምን ያስፈልጋል? በምትኖሩበት መንደር ወይም ሠፈር የሰውን ጠባይ አብጠርጥረው የሚያውቁ አረጋውያን አሉ? ይህን ዕውቀት ከየት አገኙት? «በሬ ካራጁ ይውላል» የሚለውንስ ምሳሌያዊ አነጋገር እንዴት ትረዱታላችሁ? ውይይታችሁን ስትጨርሱ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

የፈረንጆች ገና ተቃርቧል። ኤልስፔዝ ማክጊሊከዲ የተባሉ በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ለወዳጅ ዘመድ የሚሰጡትን ስጦታ ሲገዙ ውለው ከለንደን ከተማ በባቡር ይጓዛሉ። ድካም ተጫጭኗቸው ስለ ነበር ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ያዛቸው። ሲነቁ ውጭው ጨልሟል። በስተጎናቸው በሌላ ሐዲድ ላይ ወደዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ሌላ ባቡር ተጠጋና ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ ባቡሮች መስኮት ለመስኮት እየተያዩ እኩል ሄዱ። በዚህ ጊዜ በዚያኛው ባቡር ከነበሩት መስኮቶች የአንደኛው መጋረጃ በድንገት ወደ ላይ ተፈናጥሮ ተጠቀለለ። መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ አንድ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ሁለት እጆቹ የአንዲትን ሴት ጉሮሮ አንቀው ይዘዋል። ሴትዮዋ ተዝለፈለፈች። ወዲያውም ያ ባቡር ቀድሞ ሄደና ከዓይን ተሰወረ።

ወይዘሮዋ ያዩትን ለቲኬት ተቆጣጣሪው ነገሩት። ተቆጣጣሪው በትሕትና አዳመጣቸው፤ ዳሩ ግን ዓይኑ አጠገባቸው ባለው መጽሔት ላይ ዐረፈ። በተገለጠው ገጽ ላይ አንዲት ልጃገረድ ስትታነቅ የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። እኒህ አሮጊት ይህን ሲያነቡ አንቀላፍተው ቃዥተዋል ብሎ አሰበ። በኋላም ነገሩ ለባቡር ጣቢያውና ለፖሊስ ደረሰ። ፍለጋ ተደረገ፤ ሆስፒታሎች ተጠየቁ። ሬሳ የለም። ሬሳ ከሌለ ገዳይም የለም፤ ገዳይ ከሌለ ደግሞ የሚቀሩት አንዲት አሮጊትና አንድ ቅዠት ብቻ ናቸው።

ይህ ታሪክ የሚገኘው እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ልብ ወለድ ውስጥ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የ4፡50ው ባቡር ከፓዲንግተን» ይሆናል። ፓዲንግተን ከለንደን ታላላቅ የባቡር ጣቢያዎች አንዱ ነው። ሰዓቱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ማለት ነው። በብርዱ ወራት በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከዚህ ሰዓት በፊት ነው። ደራሲዋ ይህን ሰዓት የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ውጭው ባይጨልም ኖሮ በመብራት የተሞላው ክፍል እንደ መድረክ ጎልቶ ባልታየ ነበር።

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1890 ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወልደው በ1976 ዐረፉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ስለ ሠሩ፣ በመጽሐፎቻቸው ውስጥ ስለ መርዝ የሚጽፉት ሁሉ ከዕውቀት የመነጨ ነው። ከጻፏቸው 66 የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች በ12ቱ ውስጥ ምስጢሩን የሚፈቱት ፖሊስ አይደሉም፤ ሙያቸውም ምርመራ አይደለም። ሚስ ጄን ማርፕል የተባሉ፣ ባል ያላገቡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከእጃቸው የሹራብ ክር የማይለይ አሮጊት ናቸው። የሚኖሩትም ሴንት ሜሪ ሚድ በተባለች፣ ደራሲዋ በፈጠሯት ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ሚስ ማርፕል እ.ኤ.አ. በ1927 በአጭር ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንባብያን ሲቀርቡ ደራሲዋ ገና አርባ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የአሮጊቷን ጠባይ በከፊል የቀዱት ከአያታቸው ነው። አያታቸው ከማንኛውም ሰው ክፉ ነገር የሚጠብቁ ነበሩ፤ የሚያስገርመው ደግሞ ግምታቸው ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ወይዘሮ ማክጊሊከዲ በዚያ ምሽት ይጓዙ የነበሩት ወደ እኒህ ወዳጃቸው ቤት ነበር። ሚስ ማርፕል ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙና አመኑ። ለምን አመኑ? ባቡሩን አላዩም። ማስረጃም በእጃቸው የለም። የሚያውቁት ምስክሯን ነው። ኤልስፔዝ ማክጊሊከዲ ነገር ፈጥሮ ማውራት የማይሆንላቸው፣ ያዩትን ያለ ጭማሪ የሚናገሩ ሴት መሆናቸውን ለብዙ ዘመን ያውቃሉ። ስለዚህ አየሁ ካሉ አይተዋል። ቲኬት ተቆጣጣሪው የመዘነው መጽሔቱን ነው፤ ሚስ ማርፕል የመዘኑት ምስክሯን። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ምርመራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ አንድ ልዩነት ላይ ነው።

ማመን ግን ፍለጋን አያስቀርም። ሚስ ማርፕል ራሳቸው በዚያው ሰዓት በሚነሣው ባቡር ተሳፍረው መንገዱን አጠኑ። ስለ ባቡሮቹ መነሻና መድረሻ በባቡር ድርጅት የሚሠራውን የወንድማቸውን ልጅ ልጅ ጠየቁ፤ ካርታ የሚወደውን የመንደራቸውን ቄስ ልጅም አማከሩ። በዚህ ዓይነት ብራክሃምፕተን ወደምትባል ከተማ ሊደረስ ሲል ሐዲዱ የሚጠመዘዝበትን ቦታ አገኙ። እዚያ ላይ ባቡር ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከሐዲዱ በታች ያለው አፈር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ ራዘርፎርድ ሆል የተባለ በአጥር የተከበበ ሰፊ የባለጸጋ ርስት አለ። ሬሳው ከባቡሩ ተወርውሮ ከሆነ የወደቀው እዚህ ነው ሲሉ ደመደሙ።

ሆኖም ጉልበታቸው ከዚህ አላለፈም። ቁልቁለት መውረድና መውጣት፣ ቁጥቋጦ መበርበር፣ ከማያውቁት ሰው ቤት ገብቶ ጓዳ መፈተሽ ለእርሳቸው የሚቻል ነገር አልሆነም። በዚህ ጊዜ ያሰቧት ወጣት ሉሲ አይልስባሮ ትባላለች።

ሉሲ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንታ በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቃለች፤ የሚያውቋት ሁሉ በዚያው በትምህርት ዓለም ትቀራለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ዙሪያዋን ተመለከተች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የቤት ሠራተኛ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ሉሲ ይህን አጢና የቤት ሥራን ሙያዋ አደረገችው፤ ምግብ ታበስላለች፣ ወለል ታጸዳለች፣ ሕመምተኛ ታስታምማለች፣ ዋጋዋም ውድ ነው። ከአንድ ቤት ለረዥም ጊዜ አትቀመጥም። የምትሠራበትን ቤት የምትመርጠው ራሷ ናት እንጂ ቤቱ እሷን አይመርጥም። ሚስ ማርፕልን የምታውቃቸውም ከዚህ ቀደም ታመው በነበረ ጊዜ ስላስታመመቻቸው ነው። አሁን በራዘርፎርድ ሆል ተቀጥራ ሬሳ እንድትፈልግ ሲጠይቋት ነገሩ ስላጓጓት እሺ አለች።

እዚህ ላይ የደራሲዋ ብልኃት ይታያል። ሉሲ ከሥራዋ ወጥታ በየጊዜው ሚስ ማርፕልን ማነጋገር አለባት። ያለዚያ አንዷ ያየችውን ሌላዋ ልታሰላስለው አትችልም። ስለዚህ ሚስ ማርፕል በብራክሃምፕተን ከቀድሞ የቤት ሠራተኛቸው ዘንድ ተቀመጡ፤ ሉሲም በከተማው አክስት አለችኝ ብላ ለአሠሪዎቿ ተናገረች። አክስቷን ለመጠየቅ የምትሄድን ልጅ ማን ይከለክላል? ምርመራው የተካሄደው በዚህ የውሸት ዝምድና ሽፋን ነው፤ ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ግን ዝምድናው የእውነት ያህል ይሆናል።

ሁለቱ ሴቶች ኀይላቸው ከአንድ ምንጭ የተቀዳ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። አሮጊቷን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም፤ ሹራብ ይሠሩ ብሎ ይተዋቸዋል። የቤት ሠራተኛዋም ብትሆን ድንች ስትልጥና ሣህን ስታጥብ የቤቱ ሰዎች አጠገቧ ተቀምጠው ምስጢራቸውን ያወራሉ። ሰው የናቀው ዓይን ብዙ ያያል። ሚስ ማርፕል ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት የሰው ጠባይ ትዝታ አላቸው፤ አንድ ተጠርጣሪ ሲገለጽላቸው በመንደራቸው የሚያውቁትን አንድ ሰው ያስታውሳሉ፤ ያ ሰው ያደረገውን ይህኛውም ሊያደርግ እንደሚችል ይገምታሉ። ሉሲ ደግሞ እግርና ዓይን አላት፤ ከዚህም በላይ የሒሳብ ተማሪ የሆነ ጭንቅላት አላት። የጎልፍ መምቻ ይዛ ልምምድ የምታደርግ መስላ ኳሷን ወደ ሐዲዱ ቁልቁለት ትመታለች፤ ከዚያ ኳስ የምትፈልግ መስላ ቁጥቋጦውን ትፈትሻለች። በእሾህ ላይ የተቦጨቀ የፀጉር ካፖርት ቁራጭ አገኘች። የሴት የፊት ፓውደር መያዣም አገኘች። በመጨረሻ በርስቱ ውስጥ ካለ አሮጌ ጎተራ ገብታ፣ አባት በውጭ አገር ጉዞአቸው ሰብስበው ያመጡትን ከባድ የድንጋይ የሬሳ ሣጥን ክዳን ከፍ አደረገች። ወይዘሮ ማክጊሊከዲ አልቃዡም ነበር።

ከዚህ በኋላ ፖሊስ ይገባል፤ ቤተሰቡ ይጠየቃል። አባት ከሞቱ በኋላ የሚከፋፈል ትልቅ ውርስ አለ፤ ወራሾቹ በቀነሱ ቁጥር የቀሩት ድርሻ ይጨምራል። ጥርጣሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ይህ ክፍል ረዥምና ውስብስብ ስለሆነ እዚህ አይተረክም፤ የገዳዩም ስም አይነገርም። መጽሐፉን የሚያገኝ ተማሪ ራሱ ቢደርስበት ይሻላል።

ይህን የመሰለው የልብ ወለድ ዓይነት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ምቾት ያለው» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራል። ግድያን «ምቾት» ብሎ መጥራት ግራ ያጋባ ይሆናል። ሆኖም ስያሜው ወንጀሉን ሳይሆን አተራረኩን የሚመለከት ነው። ደም ሲፈስ አይታይም፤ የሚፈላ ሻይና የሚነድ እሳት ይታያል። ተጠርጣሪዎቹ ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ቤት የማይወጡ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ናቸው፤ በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ ገዳዩም ከነርሱ ጋር ማዕድ ይቆርሳል። አንባቢውም እንደ መርማሪው ሁሉ ምስጢሩን የመፍታት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ሮናልድ ኖክስ የተባሉ የካቶሊክ ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ አሥር ደንቦች ጽፈው ነበር። ከነዚያ ውስጥ ወንጀለኛው ገና ከታሪኩ መጀመሪያ ላይ መጠቀስ አለበት፣ ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ ኀይል ምስጢሩን ሊፈታ አይችልም፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ አይፈቀድለትም የሚሉት ይገኙበታል።

የመንደር ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛን መፈለጉ ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይመረመር ነበር። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት ልብ ወለድ ይህንኑ ሥርዓት ርእስ አድርገውታል። ሌላው ሥርዓት ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የተዘጋጀ መጠጥ ይጠጣል፤ ወገቡ በመቀነት ታስሮ አንድ ጎልማሳ ከኋላው ይዞት በመንደሩ ይሮጣል፤ ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እዚህም አንድ ጎልማሳና አንድ ልጅ ተጣምረው ወንጀለኛ ይፈልጋሉ። ጥምረቱ ግን ከሚስ ማርፕልና ከሉሲ ጥምረት የሰማይና የምድር ያህል ይርቃል፤ ልጁ አያስብም፣ ጎልማሳውም አይጠይቅም፣ የተከሰሰውም ሰው የሚመልሰው ቃል የለውም። ሌባ ሻይ በቄስ ኖክስ ደንብ የሚያልፍ አይደለም።

ምቾት ያለው አተራረክ ጉድለትም አለበት። በራዘርፎርድ ሆል ለትምህርት ቤት ዕረፍት የመጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሬሳ መገኘቱን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ፍንጭ ፍለጋ ግቢውን ያምሱታል። ይህ ያስቃል። ይሁን እንጂ የሞተችው ሴት ማን እንደ ሆነች ለብዙ ምዕራፎች አይታወቅም፤ ለርሷ የሚያለቅስ አንድም ሰው በቤቱ ውስጥ የለም። አንባቢም ከማን ገደላት ወደ ማን ይወርሳል ሲሻገር ሟቿን ሊረሳት ይችላል። ያልረሷት ሚስ ማርፕል ናቸው። ሉሲም እየዋለ ሲያድር ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ ይገባታል፤ ከቤቱ ሰዎች ሁለቱ በመርዝ ሲሞቱ የጨዋታው መልክ ፈጽሞ ይጠፋል። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የአሮጊቷ ልስላሴም ሌላ ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ አገር የወጣ ሕግ የሞት ቅጣትን በብዙ የግድያ ዓይነቶች ላይ አስቀርቶ ነበር። ሚስ ማርፕል በዚህ ይቆጫሉ፤ ይህ ገዳይ መሰቀል ይገባው ነበር ባይ ናቸው። አንባቢ በዚህ ሐሳብ ሊስማማ ወይም ላይስማማ ይችላል፤ ሹራብ የሚሠሩ እጆች ለስላሳ ብቻ አለመሆናቸውን ግን ይረዳል።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ፊልም ሲለወጥ የፊልሙ አዘጋጆች ሉሲን አስወጧት። ወይዘሮ ማክጊሊከዲንም አስወጧቸው። ግድያውን በመስኮት የሚያዩት ሚስ ማርፕል፣ በቤቱ ተቀጥረው ሣህን የሚያጥቡትም ሚስ ማርፕል ሆኑ። ተዋናይቷ ማርጋሬት ራዘርፎርድ ሰውን የሚያስቁ ጎበዝ ነበሩ፤ ፊልሙም ተወደደ። ነገር ግን ሁሉን የሚችሉ አሮጊት ማንንም አይፈልጉም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቁም ነገር፣ ይኸውም አንዱ የሌላውን ቃል አምኖ መነሣቱ፣ በፊልሙ ውስጥ ቦታ አጣ። በዚያ ፊልም አነስተኛ ክፍል የነበራቸው ጆን ሂክሰን የተባሉት ሴት ተዋናይ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1992፣ ራሳቸው ሚስ ማርፕልን ሆነው በቴሌቪዥን ተጫውተዋል። በእርሳቸው ጊዜ ሉሲ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ወደ ታሪኩ ፍጻሜ እንመለስ። ሚስ ማርፕል ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ደርሰውበታል፤ ችግሩ ማስረጃ ነው። ግድያውን ያየ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሳቸውም የገዳዩን ፊት አላዩም። ያዩት ጀርባውንና እጆቹን ነው። ወይዘሮ ማክጊሊከዲ በዚህ መካከል ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ሲሎን፣ በዛሬ ስሟ ስሪ ላንካ፣ ሄደው ነበር፤ ተጠርተው ተመለሱ። ሁለቱ አሮጊቶች በራዘርፎርድ ሆል ለሻይ ተጋበዙ። ወይዘሮ ማክጊሊከዲ አንድ ትእዛዝ ብቻ ተሰጣቸው፤ ሰበብ ፈልገው ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ እንዲወጡ። ለምን እንደ ሆነ አልተነገራቸውም። ቢነገራቸው ኖሮ ምስክርነታቸው ከሌላ ሰው ሐሳብ ጋር በተቀላቀለ ነበር።

ወይዘሮዋ በወጡበት ቅጽበት ሚስ ማርፕል የዓሣ አጥንት ያነቃቸው መሰሉ። በክፍሉ ከነበሩት አንዱ ሊረዳቸው ተጠጋ፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመና ሁለት እጆቹን ወደ ጉሮሮአቸው ሰደደ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ማክጊሊከዲ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ፤ ከዚያም ያ በባቡሩ ውስጥ ያዩት ሰው ይህ መሆኑን ጮኸው ተናገሩ። በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አላምንም ያለ አልነበረም።

አዳዲስ ቃላት

አብጠርጥሮ ማወቅ፦ አንድን ነገር ጥቃቅኑ ሳይቀር ለይቶ ማወቅ።
መቃዠት፦ በእንቅልፍ ወይም በሕመም ምክንያት የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ማየት።
ፍንጭ፦ ወደ ተሰወረ ነገር የሚመራ ትንሽ ምልክት።
ተጠርጣሪ፦ ጥፋት ሳይሠራ አልቀረም ተብሎ የሚታሰብ ሰው።
መዝለፍለፍ፦ ጉልበት ከድቶ መውደቅ፤ ሰውነትን መግዛት አለመቻል።
ሽፋን፦ እውነተኛውን ዓላማ ለመሰወር የሚቀርብ ምክንያት።

መልመጃ ሀ

በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ቲኬት ተቆጣጣሪው ወይዘሮ ማክጊሊከዲን ያላመነው በምን ምክንያት ነው? ምክንያቱ ተገቢ ይመስላችኋል?
2. ሚስ ማርፕል ያለ ማስረጃ ያመኑት እንዴት ነው? ይህስ ከጭፍን እምነት በምን ይለያል?
3. ሉሲ ኳስ የምትፈልግ መምሰል ለምን አስፈለጋት?
4. ወይዘሮ ማክጊሊከዲ ከክፍሉ የሚወጡበት ምክንያት ቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?
5. በሻይ ግብዣው ላይ የተገኘው ምስክርነት በፍርድ ቤት ብቻውን ይበቃል ትላላችሁ? ሁለት ቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።

መልመጃ ለ

አማርኛ ሰውን በአንቱታ ወይም ያለ አንቱታ ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም። በዚህ ምንባብ ውስጥ ለሚስ ማርፕልና ለወይዘሮ ማክጊሊከዲ አንቱታ ተሰጥቷል፤ ሉሲ ግን «እሷ» ተብላለች። ሉሲ በሙያዋ የተከበረች፣ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ተርጓሚ ብትሆኑ «እርሳቸው» ትሏት ነበር? ሉሲ ሚስ ማርፕልን በአሠሪዎቿ ፊት «አክስቴ» ብላ ስትጠራቸው «እርስዎ» ወይስ «አንቺ» ልትላቸው ይገባል? ሁለቱንም ዓይነት በመጠቀም በሁለቱ መካከል የሚደረግ የአሥር መስመር ምልልስ ጻፉ፤ አንደኛው ሰው በሚሰማበት ቦታ፣ ሁለተኛው ብቻቸውን ሲሆኑ የሚደረግ ይሁን።

መልመጃ ሐ

«አየሁ»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይሆናል»፣ «ይባላል» የሚሉት አነጋገሮች የተናጋሪው እርግጠኝነት ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳያሉ። ከዚህ በታች ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አንብቡና ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን፣ ከፍንጭ ተነሥቶ የገመተውንና ከሌላ ሰው የሰማውን ለይታችሁ አመልክቱ።

1. ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አየሁት።
2. ሬሳው ከባቡሩ የተወረወረው እዚህ ሳይሆን አይቀርም።
3. አባትየው ለልጆቻቸው ገንዘብ መስጠት አይወዱም ይባላል።
4. ካፖርቱ የተቦጨቀው በእሾሁ ይሆናል።

ከዚያም ለቲኬት ተቆጣጣሪው የሚቀርብ የምስክርነት ቃል በወይዘሮ ማክጊሊከዲ ስም ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በዓይን ከታየው በቀር ምንም ቃል አይግባበት።